«ሂጂ» እና «አትሂጂ»፦ የመንግሥት የስደት ፖሊሲ ለምን እርስ በርሱ ይጋጫል?

ባሕር ዳር መናኸሪያ አካባቢ አንድ የቆርቆሮ አጥር አለ። አጥሩ ላይ ሁለት ወረቀት ተለጥፏል። አንዱ «ሕገወጥ ስደትን በጋራ እንከላከል» ይላል፤ ፀሐይ ስለበላው ፊደሉ ሊጠፋ ነው። ሌላው አዲስ ነው። «ወደ ሳውዲ ዓረቢያ ለሥራ መሄድ ለምትፈልጉ እህቶች፣ ምዝገባ ላይ ነን» ይላል፤ ከግርጌው ስልክ ቁጥር አለው። በሁለቱ መሐል ያለው ክፍተት አንድ መዳፍ አይሞላም።

አጥሩ ሥር አንዲት ልጅ ሻይ ትሸጣለች። ጠዋት ጠዋት እሷ ጋ ነው የምቀመጠው። እናቷ ደራ ውስጥ፣ ከሐሙሲት ወጣ ብሎ፣ ገበሬ ናቸው። ታናሽ እህቷ የቤት አያያዝ ሥልጠና ጨርሳ፣ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ተፈትና፣ አሻራ ሰጥታ ቪዛ እየጠበቀች ነው። ወንድሟ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ከመጀመሩ በፊት፣ በ2014 ዓ.ም.፣ በመተማ ሊወጣ ሲል ተይዞ ተመልሷል። ለእህቷ ቀበሌው ደብዳቤ ጻፈላት። ወንድሟ ሁለት ሌሊት ጣቢያ አደረ። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም የተነሱት ሠርተው ቤት ሊረዱ ነው።

ባለፈው ስኳሩን እያማሰለች ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ አንተ መቼም ታነባለህ። ቁርጡን ንገረኝ እስቲ። መንግሥት እንድንሄድ ነው የሚፈልገው እንዳንሄድ?»

መልሱ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ፈጀ፤ ያም ሆኖ አላለቀም። የተረፈውን እዚህ ጽፌዋለሁ።

ለመሆኑ ከአገር መውጣት ክልክል ነው?

አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ የመዘዋወር፣ የመኖሪያ ቦታውን የመምረጥና በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው ይናገራል። የመመለስ መብትም አብሮ ሰጥቶታል። ስለዚህ «ከአገር መውጣት» የሚባል ወንጀል የለም።

ወንጀሎቹ ሌሎች ናቸው። ሁለት ሲሆኑ፣ በየስብሰባው ሲደበላለቁ እንሰማለን።

አንደኛው በሰው መነገድ ነው። ሰውን አታልሎ፣ አስገድዶ ወይም ችግሩን መጠቀሚያ አድርጎ መመልመልና መበዝበዝ ማለት ነው። ለዚህ ድንበር መሻገር አያስፈልግም። ከፎገራ ገጠር አንዲት ሕፃን «አስተምርሻለሁ» ተብላ መጥታ እዚሁ ባሕር ዳር ያለ ደሞዝ ጓዳ ውስጥ ብትቀር፣ በሰው መነገድ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር ነው። እዚህ ላይ ተሻጋሪው ራሱ ፈልጎ፣ ራሱ ከፍሎ ነው የሚሄደው። ደላላው የሚሸጥለት መንገዱን ነው። ችግሩ አንዱ ወደ ሌላው መለወጡ ነው። ከፍሎ የተነሳው ልጅ በረሃ ላይ «ጨምር» ይባላል፤ ሲያጣ ይታገታል፤ ቤተሰቡ ጋ ይደወላል። በፈቃዱ የወጣው ሰው መንገድ ላይ ዕቃ ሆነ ማለት ነው።

ሁለቱንም የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው። ከእሱ በፊት አዋጅ 909/2007 ነበር። ያ የወጣው ወንድሞቻችን ሊቢያ ውስጥ በታረዱበት ዓመት ነው፤ ያን ሚያዝያ የሚረሳ የለም። ሕጉ ክንዱን የሚያነሳው በነጋዴውና በአሻጋሪው ላይ ነው። ተጎጂው እንዲጠበቅና እንዲቋቋም ነው የሚያዘው።

ታዲያ መብቱ ካለ ችግሩ የቱ ጋ ነው? መብቱ በር አለው። መውጣት የሚቻለው የጉዞ ሰነድ ይዞ፣ በተፈቀደ መውጫ ብቻ ነው። የበሩ ቁልፍ ፓስፖርት ነው። እሱም ተወዷል። መደበኛው በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ 5 ሺህ ብር ገባ። በአስቸኳይ የሚፈልግ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይከፍላል። ደላላው ግን ፓስፖርት አይጠይቅም። አንዱ መስኮት «በሕጋዊ መንገድ ሂዱ» እያለ ሌላው መስኮት ሕጋዊውን መንገድ ካስወደደ፣ ሕገወጡ መንገድ ሳይነካ ረከሰ ማለት ነው። የመጀመሪያው ግጭት ይህ ነው።

አንድ መንግሥት እንዴት ሁለት ዓይነት ይናገራል?

ጣና ዳር ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። የሐይቁን መውጫ ግድብ፣ ጨረጨራን፣ ያስብ።

ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣው በጨረጨራ በሮች በኩል ነው። በሩ ሲዘጋ ሐይቁ ይሞላል፤ ሲከፈት ውሃው ይወርዳል። ጀልባ ያለው ሰው ሐይቁ ሞልቶ እንዲያድርለት ይፈልጋል። በ1995 ዓ.ም. ውሃው ክፉኛ ጎድሎ መርከቦች የቆሙበትን ጊዜ አባቶቻችን ዛሬም ያነሳሉ። ጢስ ዓባይ ላይ ቱሪስት የሚያስጎበኘው ደግሞ «ልቀቁልን፤ ፏፏቴው ክር ሆነ» ይላል። መብራት የሚያመነጨው አካል ውሃውን ጭራሽ በሌላ በኩል ነው የሚፈልገው። ከግንቦት 2002 ጀምሮ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣና በለስ ውሃውን በምዕራብ በኩል በዋሻ ይስበዋል።

ውሃው አንድ ነው። መንግሥትም አንድ ነው። ሦስቱም ፍላጎቶች ትክክል ናቸው። ሦስቱን በአንድ ቀን ማጥገብ ግን አይቻልም።

ስደትም እንዲሁ ነው። «መንግሥት» ስንል አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚወስን ይመስለናል። እውነቱ ግን ብዙ ጠረጴዛ ነው። የሥራና ክህሎት ጠረጴዛ ተመርቆ ሥራ ያጣ ወጣት ተሰልፎበታል፤ ሥራው ውጭ አገርም ቢሆን ደስ ይለዋል። የገንዘብ ጠረጴዛ ዶላር ያስፈልገዋል። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን ተሻገረ። ጅዳ ያለች ልጅ በየወሩ የምትልከው ሪያል ለእናቷ ዘይትና ጤፍ ነው፤ ለባንኩ የውጭ ምንዛሪ ነው። የፖሊስና የፍትሕ ጠረጴዛ አሻጋሪ ያሳድዳል። የውጭ ጉዳይ ጠረጴዛ ደግሞ እስር ቤት የታጎሩ ዜጎችን ጉዳይ ይዞ ከንጉሣውያን ጋር ይደራደራል።

አሁን እኔን የሚገርመኝን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ጠረጴዛ ዓመቱን ሲገመግም «ስንት ሰው ላክን» ብሎ ይቆጥራል። ሦስተኛው «ስንት ሰው አስቀረን» ብሎ ይቆጥራል። ሁለቱም ሪፖርት ይጨበጨብለታል። አንዳንዴ በአንድ አዳራሽ ውስጥ።

ለምን ጭራሽ አይዘጋም ታዲያ?

ተዘግቶ ነበር። ጥቅምት 2006 መንግሥት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የቤት ሠራተኞች ጉዞ አገደ። ምክንያት አላጣም። ከየቤቱ የሚመጣው ወሬ መርዶ ሆኖ ነበር። እገዳው ገና ሳምንታት ሳይሞላው ደግሞ ሳውዲ ዓረቢያ ወረቀት የሌላቸውን የውጭ ዜጎች መጥረግ ጀመረች። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ብዙዎቹ ነጠላ ጫማ እንደተጫሙ ነበር ከአውሮፕላን የወረዱት።

እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። የተዘጋው ግን ሕጋዊው በር ብቻ ነበር። ሳውዲ ውስጥ ሠራተኛ የሚፈልገው ቤት አልተዘጋም። ደራና ፎገራ ላይ መሬት ያጣው ወጣት ፍላጎትም አልተዘጋም።

እንቦጭን ሲያጸዱ አይታችኋል? ከአንዱ ዳርቻ ሕዝብ ወጥቶ፣ ወገቡ ድረስ ውሃ ገብቶ፣ ቀኑን ሙሉ ሲነቅል ይውላል። ሌሊት ነፋስ ይነሳና ሌላው ዳርቻ አረንጓዴ ሆኖ ያድራል። ስሩ ውሃው ውስጥ እስካለ ድረስ ዳርቻ ይቀያይራል እንጂ አይጠፋም። የቤት ሠራተኞቹም እንዲሁ ዳርቻ ቀየሩ። አንዳንዷ በጉብኝት ቪዛ ወጣች። ሌላው የወሎ ልጆች አብጠርጥረው የሚያውቁትን መንገድ ያዘ፤ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ በእግር ወደ ሳውዲ ድንበር። የመን ጦርነት ላይ ሆናም መንገዱ አልቆመም። የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ቆጠራ እንደሚለው በፈረንጆቹ 2019 ብቻ ወደ 138 ሺህ ሰው ከአፍሪካ ቀንድ ባሕር ተሻግሮ የመን ገብቷል። አብዛኛው የኛው ሰው ነው።

እገዳው ሳይነሳ በፊት አዲስ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ አዋጅ 923/2008። በጎ ሕግ ነው። የሁለትዮሽ ስምምነት ወደሌለበት አገር አትሂዱ ይላል፤ ኤጀንሲ ዋስትና ያስይዝ ይላል። ግን ሠራተኛዋ 8ኛ ክፍል ትጨርስ የሚልም ነበረበት። እንግዲህ አስቡት። ለመሄድ የምትገደደው ከ4ኛ ክፍል አቋርጣ ወንድሞቿን ያሳደገችው ናት። 8ኛ የጨረሰችውማ 9ኛ ልትቀጥል ትፈልግ ይሆናል። ሊጠብቃት የወጣው መስፈርት ደላላው ጋ ሰደዳት። በ2013 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ፣ በአዋጅ 1246፣ መስፈርቱ ላላ።

በኮንትራት የሄደችው እንዴት «ሕገወጥ» ትሆናለች?

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ሕጋዊና ሕገወጥ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይመስሉናል። አይደሉም። የአንድ ሰው ሁለት ቀኖች ሊሆኑ ይችላሉ።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠራተኛዋ የመኖሪያ ወረቀት፣ ኢቃማው፣ የሚታሰረው በአሠሪው ስም ነው። አሠሪው ከፊል ይባላል፤ ሥርዓቱም ካፋላ። ማዳሟ ደሞዝ ከለከለቻት እንበል። ወይም መታቻት። ልጅቷ በሩን ከፍታ ወጣች። በዚያች ሰዓት ያላት ወረቀት ወረቀት መሆኑን ሊያቆም ይችላል። «ጠፍታለች» ተብሎ ከተመዘገበ ፖሊስ ይፈልጋታል። ቦሌ ስትወጣ ሕጋዊ ነበረች። የሪያድ አስፋልት ላይ ሕገወጥ ሆነች። መሐል ላይ ያጠፋችው ነገር የለም። ሳውዲ በ2013 ዓ.ም. ይህን ሥርዓት ስታላላ እንኳ የቤት ሠራተኞች ከማሻሻያው ውጭ ቀርተዋል።

መጋቢት 2014 የኛና የሳውዲ መንግሥታት ወረቀት የሌላቸውን ከ100 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ለመመለስ ተስማሙ። ተመላሾቹ ገና በበረራ ላይ እያሉ፣ በ2015 ዓ.ም.፣ እስከ 500 ሺህ የቤት ሠራተኛ ወደዚያችው አገር ለመላክ ዘመቻ ተጀመረ። የኛም ክልል በዘመቻው ውስጥ ነበረበት። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። የሚመጣው አውሮፕላንና የሚሄደው አውሮፕላን ቦሌ ላይ ይተላለፋሉ።

የመንግሥት መልስ አለው። «በኮንትራት ካልላክን በባሕር ይሄዳሉ» ነው መልሱ። ከ2006ቱ እገዳ የተገኘ ትምህርት ነው፤ እውነትም አለበት። የጎደለው መሐሉ ነው። እዚያ ከደረሰች በኋላ ማዳሟ ስትመታት ስልክ የሚያነሳላት ማን ነው? መላኩ ዘመቻ ነበረው። መከታተሉም ያን ያህል ዘመቻ ያስፈልገዋል።

መተማ መንገድ ላይ የሚያዘው ማን ነው?

ከባሕር ዳር ጎንደር ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። ከጎንደር መተማ ዮሐንስ ደግሞ 200 ግድም። ሰላም በሆነበት ዘመን፣ መስከረም ሲጋመስ፣ ከጎጃምና ከደቡብ ጎንደር የሚነሳው ወጣት መኪናውን ይሞላዋል። ሰሊጥ አጨዳ ነው። ጋቢ፣ ፌስታል፣ ማጭድ። አንድና ሁለት ወር ቆላ ወርዶ፣ ወባ ካልጣለው ብር ይዞ ይመለሳል።

በዚያው መኪና፣ በዚያው ወንበር፣ ወደ ሱዳንና ሊቢያ የሚያልፈውም ይቀመጣል። ጋቢ ለብሷል። ማጭድ ይዟል። ፖሊሱ በምን ይለየው?

የሻይ ሻጯ ወንድም ፀጉር ቤት ነበር የሚሠራው። ማጭድ ይዞ ነበር፤ አዲስ፣ ጫፉ ላይ ገና የገበያ ቀለም ያለበት። ኬላ ላይ ፖሊሱ ስም አልጠየቀውም። «እጅህን» አለው። መዳፉን ገልብጦ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ለስላሳ ነው። «አንተ ሰሊጥ አጫጅ ነህ?» ብሎ ሳቀና አወረደው።

ልጁ ዛሬም ሲያወራው ይስቃል። እኔ ግን ያሳሰበኝ የሕጉ ጉዳይ ነው። ልጁ የተያዘው ድንበር ሳይደርስ ነው፤ በገዛ አገሩ መንገድ ላይ። በአገር ውስጥ መዘዋወር መብቱ ነው። አሻጋሪም አይደለም። ስለዚህ የሚከሰስበት የለም። ሁለት ሌሊት አድሮ፣ ተመክሮ ተለቀቀ። አሻጋሪውስ? እሱ መኪናው ላይ አልነበረም። ስልክ ላይ ነበር። የድንበር ጥበቃ ደካማ ጎኑ ይህ ነው፤ ኬላ የሚቆመው መንገድ ላይ ነው፣ ንግዱ ግን ያለው በስልክና በሐዋላ ውስጥ ነው።

ያ ፖሊስም ቢሆን ምን ያድርግ? ሁሉንም ቢያሳልፍ «ሕፃናት ሲያልፉ አየህ» ይባላል። ሁሉንም ቢያወርድ ሰሊጡ ማሳ ላይ ይረግፋል፤ ሰሊጥ ደግሞ ዶላር ነው። ከላይ የተጋጨው ትእዛዝ ታች ወርዶ መዳፍ መዳሰስ ሆነ።

ወደ እኛ የሚመጡትስ?

እስካሁን ስለሚወጡት ነው ያወራነው። የሚገቡትም አሉ፤ እዚያም ተቃርኖው ይከተለናል።

መጀመሪያ አንድ የቋንቋ ችግር እንፍታ። በአማርኛ «ስደተኛ» ስንል ሁለት ሰው እንጠራለን። ጦርነትና አሳዳጅ ሸሽቶ የመጣውንም፣ ለእንጀራ የሄደውንም። ሕጉ ግን ይለያቸዋል። ስደተኛ የሚለው ነፍሱን ሊያድን የሸሸውን ነው፤ ወደመጣበት በግድ አይመለስም። ጥገኝነት ጠያቂ ማለት ጉዳዩ ገና እየታየለት ያለ ማለት ነው። ለሥራ የሄደው ደግሞ ፍልሰተኛ ይባላል። የቃሉ ክብደት ለኛ አዲስ አይደለም። እመቤታችን በስደቷ ጊዜ ጣና ቂርቆስ ላይ አርፋለች ይላል ያገራችን ትውፊት። ይህ ሐይቅ ስደተኛ ማስጠጋትን ከጥንት ጀምሮ እንደ ክብር ነው የሚያወራው።

መንግሥትም በዚህ በኩል ስሙ ያማረ ነው። ኢትዮጵያ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞች አስጠግታለች። አዋጅ 1110/2011 ለስደተኛ የመሥራት፣ የመማር፣ የመንቀሳቀስ መብት ይሰጣል። ሲወጣ ዓለም አመስግኖታል። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ቢባልም አብዛኛው ስደተኛ ዛሬም የሚኖረው በመጠለያ ጣቢያ፣ በእርዳታ ነው። ለስደተኛ የሥራ መብት መስጠት፣ የራስህ ልጅ ሥራ አጥቶ ስልክ ላይ ሲውል፣ ፖለቲካው ከባድ ነው።

ቅርባችን ያለውን እንይ። ሚያዝያ 7፣ 2015 ካርቱም ውስጥ ተኩስ ተጀመረ። ብዙም ሳይቆይ መተማ ዮሐንስ በሰው ተሞላች። የኛ ልጆች ለመውጣት የሚሸሸጉባት ድንበር፣ ሱዳናውያን ለመግባት የሚሮጡባት ሆነች። በሩ ተከፈተላቸው፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል። ምዕራብ ጎንደር ውስጥ ኩመርና አውላላ የሚባሉ ጣቢያዎች ተቋቋሙ። ግን አካባቢው ራሱ ሰላም አልነበረም። ሚያዝያ 2016 ላይ ከአውላላ ብዙ ስደተኞች «ዘረፋና ጥቃት በዛብን» ብለው በእግር ወጥተው መንገድ ዳር ሰፈሩ። በር መክፈትና ማስጠጋት ለየቅል ናቸው። አንደኛው ፊርማ ይበቃዋል፤ ሁለተኛው ጥበቃ፣ ውሃና ሐኪም ይፈልጋል።

ኤርትራውያን ላይ ደግሞ ፖሊሲው እንደ ዘመኑ ፖለቲካ ተገለባብጧል። መስከረም 1፣ 2011 በአዲስ ዓመት ዕለት ዛላንበሳና ቡሬ ተከፈቱ፤ ሰው ተቃቅፎ አለቀሰ። ዓመቱ ሳይዞር ኬላዎቹ ተመልሰው ተዘጉ። ቀድሞ ኤርትራዊ ሆኖ የመጣ ሁሉ ያለ ብዙ ጥያቄ በስደተኛነት ይመዘገብ ነበር። ከጥር 2012 ወዲህ ያ ቀረ። ለጋሱ አዋጅ ከወጣ ገና አንድ ዓመቱ ነበር።

በዚያው በ2011 ዓ.ም. አፍሪካውያን ሁሉ ቦሌ ሲደርሱ ቪዛ እንዲያገኙ ተፈቀደ። ጥሩ ነገር ነው። ግን ቦሌ ላይ ነው። በአውሮፕላን የመጣ አፍሪካዊ «እንኳን ደህና መጣህ» ይባላል። በእግሩ መተማ የደረሰው ወረቀቱን ይጠየቃል።

ይህ የኛ ብቻ ነው?

የለም። ሳውዲን አይተናል፤ በአንድ እጅ ትጠራለች፣ በሌላው ታባርራለች። አውሮፓውያንም አሉበት። ሚያዝያ 2016 የአውሮፓ ኅብረት «ሕገወጥ ሆነው የተገኙ ዜጎቻችሁን ለመቀበል አልተባበራችሁም» ብሎ የኢትዮጵያውያንን የቪዛ ጥበቃ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አሳደገው። የተቀጣው ታዲያ ማን ሆነ? በጀልባ የሚሄደው ቪዛ አይጠይቅም። የተቀጣው ማመልከቻ የሚሞላው፣ ለስብሰባ ሦስት ቀን ሄዶ የሚመለሰው መምህር ነው። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አንድ ወዳጄ ጥሪው ደርሶት፣ ቪዛው ሲመጣ ስብሰባው አልቆ ነበር።

ታዲያ እህቷ ምን ትጠይቅ?

ሻይ ሻጯ ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ «እሺ ጋሼ፣ ለእህቴ የሚጠቅም ነገር ንገረኝ» አለችኝ። ልክ ናት።

የሚጠቅመው እንዲህ ነው። በሕጉ መሠረት የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የመድን ዋስትናውን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው የራሷን ወረቀት ነው፤ ፓስፖርት፣ የልደት ካርድ፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባት፣ የብቃት ምዘና። ኤጀንሲ «የማስቀጠሪያ» ብሎ ከሠራተኛ ገንዘብ መቀበል አይችልም። ፈቃድ ያለው መሆኑን ሳትጠይቅ አሻራ አትስጥ። ውሉን ሳታነብ፣ ማንበብ ካልቻለች ሳይነበብላት፣ አትፈርም። የውሉን ቅጂና የፓስፖርቷን ፎቶ ስልኳ ላይ ብቻ ሳይሆን እዚህ እህቷ ጋም ታስቀምጥ፤ ስልክ ሊወሰድባት ይችላልና።

ልጅቷ ብርጭቆውን ማጠቡን አቆመች።

«ገንዘብ አይቀበሉም ነው ያልከኝ?»

«አዎ። ክልክል ነው።»

«ታዲያ ያ ከኤጀንሲው ነኝ ያለው ሰውዬ የበሬውን ገንዘብ ምን ብሎ ወሰደው?»

ምን በሬ ብዬ ጠየቅኳት። ነገረችኝ። እናቷ ሁለት በሬ ነበራቸው። ወንድሟ በመተማ ሊወጣ ሲነሳ ጥቁሩን ሸጠው ለአሻጋሪው ከፈሉ። ልጁ ተመለሰ፤ ገንዘቡ አልተመለሰም። ዘንድሮ ደግሞ እህቷ «በሕጋዊ ነው የምሄደው» ስትላቸው ደስ ብሏቸው ዳማውን ሸጡ።

«መሬቱስ?» አልኳት።

«ለእኩል ሰጥታዋለች» አለችና ቀጣዩን ብርጭቆ ቀዳች።